በመሳቢያው ውስጥ የሚገለጥ ገጽ

ብዙአየሁ የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት ከፍታ ዘግታለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለች፣ የእንጨት መስኮቶቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ ከባሕር ዛፉ ኮረብታ የወረደው የደጋ ጉም በመደርደሪያዎቹ መካከል ተንከራቶ እስኪወጣ ድረስ ጠረጴዛዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ከዚያ የብረት ቁም ሳጥኑን ከፍታ ማንበቢያዎቹን ታወጣለች። ማንበቢያ የሚሏቸው እንደ ደብተር የሳሱ፣ መጽሐፍ ብቻ የሚነበብባቸው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ናቸው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ከሦስት ዓመት በፊት ሃያ አምጥቶ ሲሰጥ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦላቸዋል። ብዙአየሁ በጀርባቸው ላይ በነጭ ቀለም ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጽፋባቸዋለች። አሁን ያሉት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ቁጥር አሥራ ሰባት የለም።

አሥራ ሰባት የጠፋው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነበር። በመዝገቡ ላይ መጨረሻ የወሰደችው ዝናሽ አበጋዝ የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከቆላው ወረዳ የመጣች፣ ቀጭን፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ። መልሻለሁ ብላ ነበር። እርስዎ ስልክ እያወሩ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩት፣ ራስዎን ነቅንቀው አሰናበቱኝ አለች። ብዙአየሁ ስልክ ማውራቷን ታስታውሳለች፤ ልጅቷን ግን አላስታወሰችም፣ ንብረቱም በራሷ ፊርማ የተረከበችው ነበርና አላስታውስም ማለትን ፈራች። ስለዚህ በዲኑ፣ በሦስት መምህራንና በክፍሉ ተማሪዎች ፊት አልመለሰችም አለች፤ ፈረመችም። ዝናሽ አልጮኸችም፣ አልማለችም። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም» አለቻት፤ ድምፅዋ ከማነሱ የተነሳ ከብዙአየሁ በቀር የሰማት አልነበረም።

ከኮሌጁ ተባረረች። ክረምቱ ሲገባ፣ ወደ አገሯ ስትመለስ የሞላ ወንዝ ወሰዳት የሚል ወሬ በግቢው ተሰማ። ብዙአየሁ እውነት ነው ወይ ብላ ማንንም አልጠየቀችም። መጠየቁ ራሱ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር የሚያስነብብባት መሰላት።

በግንቦት ወር ግድግዳው ቀለም ይቀባ ተባለና ሠራተኞች መጥተው ጠረጴዛዋን ከቦታው ሲያነሱት፣ የመሃሉ መሳቢያ አልዘጋም አለ። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ መሳቢያውን ጭራሽ ነቅላ አወጣችውና እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ከእንጨቱ ጀርባ፣ በአቧራና በሸረሪት ድር መካከል፣ አንድ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር ነካች። ስታወጣው ነጩ ቁጥር ወደ ላይ ነበር። አሥራ ሰባት።

ያኔ ሁሉም ተመልሶ መጣላት። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀትና ዕቃ በክንዷ ጠርጋ መሳቢያው ውስጥ የከተተችው፤ የቀጭኗ ልጅ ጥላ፤ ራሷን መነቅነቋ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ጋለ። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማንም አልነበረም፣ እሷ ግን ዙሪያዋን አየች፣ ማንበቢያውንም ነጠላዋ ስር ከተተችው።

ከሁሉ በፊት የገረማት ሽታው ነበር። ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው እንጨት ውስጥ የኖረ ዕቃ አቧራ አቧራ ይሸታል ብላ ነበር፤ የማንበቢያው የቆዳ ልባስ ግን የረጠበ ደለል፣ የወንዝ ዳር ጭቃ ይሸት ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ገጽ ቆሟል። እነዚህ መሣሪያዎች ባትሪያቸው ቢያልቅም የመጨረሻውን ገጽ እንደያዙ እንደሚቀሩ ታውቃለች፤ ስለዚህ አልደነገጠችም። ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የሚያወራ የመምህራን መጽሐፍ ነው። ከላይ «አንባቢ፦ ዝናሽ አ.» ይላል፤ ከታች ደግሞ ከመጽሐፉ ሠላሳ አንድ በመቶ እንደተነበበ ያሳያል።

ያን ቀን የወሰነችው ነገር ቀላል ይመስል ነበር። ስሙን አጥፍታ ከሌሎቹ ጋር ትቀላቅለዋለች፣ ያለምንም ወሬ ሃያ ይሆናሉ። ቻርጅ ላይ ስትሰካው ግን መሣሪያው ደርቆ ቀረ፤ የትኛውም ቁልፍ አልሠራ አለ። የኮምፒውተር ክፍሉን ባለሙያ አቶ ዳምጠውን ሄዳ ጠየቀችው፤ የተበላሸው ቁጥር ሰባት ነው ብላ ዋሸችው። ዳምጠው፣ የእነዚህ ዕቃዎች አብዛኛው በሽታ አጥፍቶ በማብራት ይድናል፣ ማብሪያውን ሃያ ሰከንድ ተጭነው ይያዙት፣ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል፣ የተነበበው ቦታም አይጠፋም አላት። ይህ እምቢ ካለ ሪሴት እንዳለ ነገራት፤ እንዴት እንደሚደረግም በወረቀት ጻፈላት።

«ሪሴት ግን የመጨረሻው ነው፣ እትዬ ብዙዬ። ስሙም፣ ማስታወሻውም፣ የተነበበው ሁሉ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ማብሪያውን ተጫነችና ቆጠረች። ሃያ ላይ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጣ፣ እንደገና ጠቆረ፤ ከዚያ ጽሑፉ ቀስ ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ ነገር ተመልሶ መጣ። የድሮው ገጽ ጥላ ከአዲሱ ስር ደብዝዞ ይታይ ነበር። ያየችው ገጽ ግን ቅድም ያየችው አልነበረም። ሠላሳ ስምንት በመቶ ይላል። ጣቴ ሳይነካው አልቀረም አለች ለራሷ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበትና የተማሪዎቹን መታወቂያ መቀበል ጀመረች። ከሰዓት፣ አዳራሹ ከብዕር ጭረትና ከሳል በቀር ድምፅ በሌለበት ሰዓት፣ ከጉልበቷ አጠገብ አንዲት ትንሽ ድምፅ ሰማች። ጠቅ። ትንሽ ቆየችና እንደገና ጠቅ። አንድ ሰው አንድ ገጽ ለማንበብ የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ እየቆየች፣ ማንበቢያው ጎን ያለችው ገጽ የሚገለጥባት ቁልፍ ትጫን ነበር።

በማግስቱ ሃምሳ ሁለት በመቶ ሆኖ አገኘችው። አንድ መስመርም ተሰምሮበታል፤ ትናንት ያልነበረ። «ልጅ በሰው ፊት ሲዋረድ ዕድሜ ልኩን የሚያስታውሰው የሰደበውን ሳይሆን እያወቀ ዝም ያለውን ነው» ይላል። ብዙአየሁ መስመሩን በመዳፏ ሸፈነችው፣ አጠገቧ የሚያነብ ሰው ያለ ይመስል። ሃያ ሰከንድ ተጭና አጠፋችው። ሲነሳ መስመሩ እዚያው ነበር፣ ቁጥሩ ግን ጨምሯል። ከቻርጅ ነቅላ ሁለት ቀን ተወችው፤ ባትሪው ባዶ እያለ ሰባ ደረሰ። ባጠፋችው ቁጥር ያቺ ድምፅ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች፣ ካቆመችበት ትንሽ አልፋ። አንድ ቀን ከፊት ለፊቷ የተቀመጠች ተማሪ ቀና ብላ፣ እትዬ መሳቢያዎ ውስጥ ሰዓት አለ እንዴ ብላ ጠየቀቻት። አዎ የተበላሸ ሰዓት አለ አለች ብዙአየሁ፣ እናም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹን ከጠረጴዛዋ ራቅ አድርጋ ታስቀምጥ ጀመር።

ምግብ አልበላ አላት። የወንዙ ሽታ ከመሳቢያው አልፎ ልብሷ ላይ የሰፈረ፣ ሰው ሁሉ የሚያሸተው ይመስላት ነበር፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ስታወራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ከሽታውም ከድምፁም ይልቅ አንድ ሐሳብ ያስጨንቃት ነበር፦ የሞተች ልጅ መጽሐፉን ስትጨርስ ምን ይሆናል? አንባቢ ሲጨርስ የሚያደርገውን ታውቃለች፤ ተነስቶ ይመጣና ያስረክባል።

ሐሙስ ጠዋት ዘጠና አራት ነበር። ማንበቢያውን ፖስታ ውስጥ ከታ ወደ ዲኑ ቢሮ ሄደች። የምትለውን ቃል ኮሪደሩ ላይ እየደጋገመች አጠናችው፤ አምስት ቃል ብቻ ነበር፣ ልጅቷ እውነቷን ነው ጥፋቱ የእኔ። ዲኑ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ምን ልርዳዎት ሲላት፣ አፏን ከፈተችና የቀለሙ ሽታ ተማሪዎቹን እያስቸገረ ነው አለችው። ዲኑ ይነገራቸዋል አለ። አመስግናው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ይግል ነበር፣ ፖስታው ውስጥ ደግሞ፣ ጠቅ።

ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን ዕቃ ቆጠራ ነው ብላ ዘጋች። ዘጠና ሰባት በመቶ። የዳምጠውን ወረቀት ዘርግታ ደረጃ በደረጃ ተከተለችው። መሣሪያው፣ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነዎት? ብሎ ጠየቃት። የግድግዳው ሰዓት ልክ ዘጠኝ ይላል። አዎ የሚለውን ተጫነች። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ጠቆረ፣ እናም በጥቁሩና በነጩ መካከል፣ የገጾቹ ሁሉ ጥላ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደራረብ፣ ጥልቀት ከሌለው ውሃ ስር ቀና ብሎ እንደሚያይ ፊት ያለ ነገር አየች፤ አፉ የተከፈተ። ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ስክሪኑ ንጹሕ ነጭ ነበር። ስም የለም፣ መስመር የለም። ልባሱን ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው፤ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከአሥራ ስድስትና ከአሥራ ስምንት መካከል አስቀመጠችው።

ዓርብ ለዲኑ፣ የጠፋው ማንበቢያ በቆጠራ ጊዜ ከዕቃ ቤት ተገኘ ብላ ጻፈች። ጎበዝ ብሎ ፈረመላት። የልጅቷን ስም አላነሳም፤ እሷም አላነሳችም። ሸክሙ ይቀለኛል ብላ የጠበቀችው ብዙአየሁ፣ ጸጥ ባለው ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብላ ውላ፣ ራሷን ማየት እስኪያቅታት ድረስ አፈረች። ድምፁ እያለ ቢያንስ የሚወቅሳት ነበር። አሁን የሚያውቅባት እሷ ብቻ ናት። ቢዘገይም ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ለእናቷ እነግራለሁ አለች።

ቅዳሜ ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ በአውቶብስ ወደ ቆላው ወረደች። የአበጋዝን ቤት ጠይቃ አገኘችው። እናትየዋ፣ ወይዘሮ ድንቄ፣ ደጃፍ ላይ ማሽላ ታበጥር ነበር። ብዙአየሁ አንገቷን ደፍታ ቀረበችና እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ ሳልደርስ ቀረሁ አለቻት። ወይዘሮ ድንቄ ሰፌዱን አስቀምጣ ጥቁሩን ነጠላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማን ሞቶብኝ ነው እህቴ?»

ብዙአየሁ የኮሌጅ ሰው መሆኗን፣ ስለ ዝናሽ የሰማችውን ተናገረች። እናትየዋ መቀመጫ ሰጠቻትና እጇን በልብሷ ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ወንዙ ወስዷት ነበር አለች፤ ግን ከታች አሸዋው ላይ ተፋት፣ ትንፋሿ ነበረ። ብቻ ከዚያ ወዲህ ጓዳ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ባዶ እጆቿን መጽሐፍ እንደያዘ ሰው ዘርግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አውራ ጣቷን ጠቅ ጠቅ እያደረገች ታነባለች። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ አልፎ አልፎ ድንገት ትደርቅ ነበር፤ ትንፋሿ ይቆማል፣ ዓይኗ ይገለበጣል፣ እስከ ሃያ ያህል ሲቆጠር ነፍስ ትዘራና ንባቧን ትቀጥላለች።

«ስጨርስ እነሳለሁ፣ እማዬ፣ ትለኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት፣ ጥቂት ገጽ ነው የቀረኝ አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቀሚሷን አጥቤ አሰጣሁላት።»

ብዙአየሁ ያን አምስት ቃል ፈለገችው፤ በእሱ ፈንታ ስኳሩን ዘረጋችላት። ሐሙስ ከሰዓት ምን ሆነች ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

እናትየዋ ወደ ጓዳው ዞራ ተጣራች። በታጠበው ቀሚስ፣ ጸጉሯ ተጎንጉኖ፣ ዝናሽ ወጣች። ቁጣም፣ ሐዘንም፣ ትዝታም ያልዞረበት፣ ገና ዛሬ የተወለደ የመሰለ ፊት ነበራት።

«ስሟን እያስተማርኳት ነው» አለች ወይዘሮ ድንቄ ቀስ ብላ። «ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ ይዛለች።»

ልጅቷ ሁለቱን ሴቶች በየተራ አየች፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያም መጥታ የብዙአየሁን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ «እማዬ» አለቻት።