አሥራ ስምንት ብልቃጥ ሻጋታ

«እትየ ሳቢራ፣ እስከ አሥር ሰዓት ጨፋ ሮቢት ካልደረስን መኪናዋ ትሄዳለች!»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ኮቱ፣ ና!» አለችና ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ነው። ሌሊት የጣለው ዝናብ ተራራውን ንዶ የመኪናውን መንገድ ስለዘጋው የቀራቸው የፍየል መንገድ ብቻ ነበር። ሙህዲን ከከሚሴ የተመደበ ወጣት የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ነው። ሳቢራ ደግሞ ደጋው አፋፍ ላይ ላስቲክ ቤት ሠርተው ስትሮበሪ ከሚያለሙት አሥራ ስምንት ሴቶች አንዷ ናት። ሙህዲን ያዘላት ከጤና ኬላ የተዋሳትን የክትባት መያዣ ሳጥን ነው። ውስጧ አሥራ ስምንት ብልቃጥ አለ፤ በየብልቃጡ ከአንዲት ሴት መደብ የተነሣ ግራጫ ሻጋታ።

ይህ ሻጋታ የጉድ ነው። ሲነኩት እንደ አመድ ቦን ይላል፤ የቀላውን ፍሬ በሁለት ቀን አበስብሶ ይጥለዋል። መድኃኒት ሲረጩት የጠፋ ይመስልና ብሶበት ይመለሳል፤ ከየትኛው መደብ እንደሚነሣ ግን የሚያውቅ የለም። ሁሉም ጋ ያለው አንድ ዘር ከሆነ የሴቶቹ የሁለት ዓመት ልፋት ከሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል። ዘሩ የተለያየ ከሆነ መድኃኒት የማይበግረው ያለበት መደብ ብቻ ተነቅሎ ሌላው ይተርፋል። ይህን የሚለየው የዘረመል ምርመራ ነው፤ ናሙና የምትሰበስበው መኪና ደግሞ የምታልፈው ዛሬ ብቻ ነው።

ሙህዲን በየብልቃጡ ላይ የባለመደቧን ስም በእስክሪብቶ ጽፎ ለጥፏል። ሴቶቹ ግን በወረቀት አልረኩም፤ አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ እያንዳንዷ ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ በብልቃጧ አንገት ላይ አሰረች። «ሰርግ አደረጋችሁት እኮ!» ብሎ አሹፎባቸዋል።

ግማሽ መንገድ ሳይወርዱ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ይወግራቸው ጀመር። ሮጠው ከአንድ ዋሻ ገቡ። ዋሻው ግን ባለቤት ነበረው፤ ዝንጀሮዎቹ ቀድመዋቸዋል። ሙህዲን ገና ሳጥኗን ከማውረዱ አንድ ጎፈሬያም ዝንጀሮ መንትፎት ወጣ፤ ሳጥኗ ላይ የቀረው የስትሮበሪ ሽታ ሳያማልለው አልቀረም። ሳጥኗን ከአለት ጋር ሲያላትማት ክዳኗ ተሰነጠቀ፣ ብልቃጦቹ ተበተኑ። ሳቢራ በድንጋይ ናዳ አባረረችው። በረዶው እየወረደባቸው ተንበርክከው ለቀሙ። አሥራ ሰባት ብቻ ሆኑ።

አሥራ ስምንተኛዋ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ታየች። አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮባታል።

«ተያት እትየ! ለአንድ ብልቃጥ ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«አንዷ ከጎደለች የሌሎቹን ማን ያምናል?» ሳቢራ ለአፍታ ብልቃጧን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ «ቢስሚላሂ!» ብላ ወረደች።

እግሯ አዳለጣት። ሳቢራ ሥር ጨብጣ ተንጠለጠለች፤ ብልቃጧን በጥርሷ ነክሳለች። ቀበቶውን ፈትቶ ወረወረላትና በደረቱ ተኝቶ ጎተታት። አፋፉ ላይ እንደወጣች ብልቃጧን መዳፉ ላይ አኖረችና ቡና እንደምታቀርብ ሁሉ «ጀባ!» አለችው። በሣቅ ፈነዱ።

ቆላው ሲደርሱ ሣቁ ጠፋ። ቦርከና ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ውሃው ከጉልበት ወገብ፣ ከወገብ ደረት ደረሰ። አንድ ግንድ ሙህዲንን ጎኑን መታውና ከነሳጥኑ ሰጠመ።

«ሳጥኗን ልቀቃት!» ጮኸች ሳቢራ።

«አልለቅም!»

«ወላሂ እብድ ነህ!» ብላ ኮሌታውን አንቃ ወደ ዳር ጎተተችው።

ከወንዙ ወጥተው ሮጡ። ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ከብት እያስደነበሩ ጨፋ ሮቢት ሲገቡ መኪናዋ ሞተር አስነሥታ ነበር። ተመራማሪዋ ዶክተር አዲስዓለም ወርዳ ሳጥኗን ስትከፍት ውሃ ፈሰሰ። ብልቃጦቹ እንደታሸጉ ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንድም ስም አልቀረም።

«ከየትኛው መደብ እንደተነሣ ካልታወቀ ምን ያደርግልኛል?» አለች አዝና። ሙህዲን መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ሳቢራ ቁጢጥ ብላ ጨርቆቹን እያገላበጠች ትጠራ ጀመር። «አበባ ያላት የፋይዛ ናት። ቢጫዋ የሰዒዳ። ባለመስመሯ የኡሚ...» አዲስዓለም ተከትላ ጻፈች። አሥራ ሰባቱ አለቁ።

«አረንጓዴዋስ?»

«የኔ ናት» አለች ሳቢራ።

ሙህዲን ቀና ብሎ አያት። አረንጓዴው ሻሽ ራሷ ላይ ነበር፣ ጫፉ ተቀድዶ። ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ ሲከተላት ልብ አላለውም።

ውጤቱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በላስቲክ ቤቱ ውስጥ አምስት ዓይነት ዘር ተገኝቷል፤ መድኃኒት የማይበግረው ግን በአንዲት ብልቃጥ ብቻ ነበር። ሙህዲን ወረቀቱን ይዞ ደጋ ወጣና ከሳቢራ ፊት ቆመ።

«የኔ ነው አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንተ ካዘዝከው በላይ ደጋግሜ የረጨሁት እኔ ነኛ። ፍሬዬ ሳይበሰብስ ቀድሞ ገበያ እንዲደርስ ብዬ ነበር፤ ሻጋታውን መድኃኒት አላመድኩት።»

«ገደሉ ላይም ጠርጥረሽ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አለችና ጎንበስ ብላ የመጀመሪያዋን ተክል ነቀለች። ሙህዲን ዕንባው መጣ፤ አልደበቀውም። አጠገቧ ተንበርክኮ አብሯት ነቀለ።

መደቡ ተቃጥሎ አፈሩ በተለወጠ ሳምንት አሥራ ሰባቱ ሴቶች መጡ። እያንዳንዷ ከራሷ መደብ አንድ አንድ ችግኝ ይዛለች፤ በየችግኙ አንገት ላይ የሻሽ ቁራጭ ታስሯል። ሙህዲን ሊመዘግብ ያወጣውን እስክሪብቶ ኪሱ መለሰና ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።