የአዝማቹ ድምፅ

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ዘፋኟ ሚጣ በቀረጻ ክፍሉ ወለል ላይ፣ ከማይክሮፎኑ ሥር ሞታ ተዘርግታ ነበር። ጉሮሮዋ አብጧል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። አጠገቧ የማር ውሃ የያዘ ፔርሙዝ ተጋድሟል። ኢንስፔክተሯ ክዳኑን ከፍታ ገና ስታሸተው ፊቷን አዞረች። ለውዝ!

«ለውዝ እንደማይስማማት ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም» አለ የሙዚቃ አቀናባሪው። «ፔርሙዙም መልበሻ ክፍል ነበር፤ ሁሉም ሰው ይገባል፣ ይወጣል።»

ሦስቱ ዘፋኞች በመጀመሪያ አልበማቸው አገሩን ያዳረሱት በቅርቡ ነው። ተማሪዎች እንደ ሚጣ ጸጉራቸውን አሳጥረው ተቆረጡ፤ እናቶች ሳይቀሩ ዕቃ እያጠቡ አዝማቿን ያንጎራጉሩ ጀመር። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ታላቅ እህቷና ቀጭኗ ጓደኛቸው፣ ግን በፖስተሩ ላይ እንኳ ከጀርባዋ ነበሩ።

ቀጭኗ ቅናቷን አልደበቀችም። «ማን የማይቀና አለ? ጋዜጠኛው ሁሉ እኔን ይዞ “ሚጣ ምን ትወዳለች?” ነው የሚለኝ።»

«ዛሬ እንዴት ነበረች?»

«ድምፄን ልቆጥብ ብላ በእጇ ነው ሰላም ያለችን።»

አቀናባሪውም «“ደህና ነኝ፣ እንቅረጽ” ብላ መልእክት ላከችልኝ» አለ። «አሞኛል ብትል ኖሮ እሰርዘው ነበር።»

ታላቅ እህቷ «ረ»ን ከጉሮሮዋ እየሳበች ታወራለች። «እንደ ልጄ ነበረች፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጠዋት እንኳ ጉንፋን አፍንጫዋን ድፍን አድርጎባት በእንፋሎት ያጠንኳት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ፤ አልተናገርኩም።»

ኢንስፔክተሯ አዝማቹን ያለ ሙዚቃ፣ በድምፅ ብቻ አስከፍታ አዳመጠች። ከዚያ አቀናባሪውንና ሁለቱን ዘፋኞች ሰበሰበች።

«ይህ ሽታ ከሩቅ ይጣራል። አፍንጫዋ ደህና ቢሆን ኖሮ ሚጣ ሳትቀምሰው ትደፋው ነበር። ለውዙን የጨመረው ሰው እንደማይሸታት ያውቃል።»

«እኛ ምኑን አውቀን!» አለች ቀጭኗ።

«አላወቃችሁም፤ ደብቃችኋለች። የምታውቀው አንዲት ሰው ናት፤ እሷም ለማንም አልነገርኩም ብላኛለች።» ወደ አቀናባሪው ዞረች። «አዝማቹን የዘፈነችው “ረ”ን ከጉሮሮዋ የምትስብ ሴት ናት። ሚጣ ናት?»

አቀናባሪው አቀረቀረ። «ሚጣ እዚያ ከፍታ ላይ አትደርስም። የታላቋን ድምፅ ተጠቀምን፤ ፊቱ ግን የሚጣ እንዲሆን ተስማማን።»

«እናንተ ተስማማችሁ!» ታላቋ ብድግ አለች። «እኔ ዘፈንኩ፣ እሷ አፏን ከፈተች። ታክሲ ውስጥ ሰው በእኔ ድምፅ እያለቀሰ “የሚጣ ጉሮሮ ይባረክ” ይላል። ቻልኩት። እናቴ ደውላ “አንቺስ እንደ እህትሽ ለመዝፈን ብትሞክሪ ምናለ” ስትለኝ ግን…»

 ሚጣም እውነቱን ለእናቷ ሳትነግራት ሞተች።

ከበሩ ውጭ ልጃገረዶች የሚጣን ፎቶ አጥሩ ላይ ለጥፈው፣ እያለቀሱ አዝማቹን ይዘፍናሉ። ኢንስፔክተሯ የታላቋን ክንድ ይዛ መኪናው እስኪቀርብ ከፎቶው ፊት ቆመች። አንዷ ልጅ መጥታ በትሕትና የታላቋን ትከሻ ነካ አደረገች።

«እህቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልን፤ ሚጣን ከለልሻት።»

ፈቀቅ አለች።