የአባዬ አቮካዶ

ፀደንያ አቮካዶውን በሎሚ አዘጋጅታ ኩሽና ስትገባ አባቷ ከመጥበሻው ላይ ጮማ እያነሳ ይጎርሳል።

«አባዬ! ዶክተሩን ነው ወይስ እኔን የምትፎግረው?»

«አቮካዶ ብላ ተባልኩ፤ ይኸው እበላለሁ» አለ አባቷ ከፈለ ሳህኑን እየተቀበላት።

አቮካዶን እንደ ጸበል ነው ያመነው። ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ የተገኘ ጊዜ ሐኪሙ በቅቤና በጮማ ፋንታ አቮካዶ እንዲበላ፣ ክኒኑንም እንዳያቋርጥ ነግሮት ነበር። እሱ ግን በሰው አገር፣ ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ ጥብሱ የተመሰገነለት ባለ ምግብ ቤት ነውና ሳይቀምስ አያሳልፍም። ጮማው ሳይቀነስ አቮካዶው ተጨመረበት።

ዛሬ ግን ሳህኑን ሳይጨርስ አስቀመጠው። ቬንቲሌተሩ ከራሱ በላይ እየዞረም ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ግራ ክንዱን ማሻሸት ጀመረ።

«ምን ሆንክ?»

«ጨጓራዬ ነው ባክሽ። ትናንትም እንዲሁ አድርጎ ለቀቀኝ።»

«ክኒንህን ዋጥክ?»

ወደ ጓሮው በር አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱን ካቆምኩ ቆየሁ። አቮካዶው ይበቃኛል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ አባዬ ይሙት በይ።»

ፀደንያ በአባቷ ምላ አፍርሳ አታውቅም።

«ፀዲ፣ በይ እንጂ!»

«አባዬ ይሙት» አለች ቀስ ብላ።

ጉንጯን መታ መታ አድርጓት ወደ አዳራሹ ወጣ። የዘወትር ደንበኛቸውን «ኢታ ኬፍ፣ ሉቃስ?» ብሎ በአገሬው አረብኛ ሰላም ሲለው ሰማችው። ሁልጊዜ የሚያስተጋባው ድምፁ ዛሬ ከጉሮሮው አልወጣ አለ። በበሩ አጮልቃ ስታየው በሁለት እጁ የወንበር መደገፊያ ይዞ ቆሟል። ሉቃስም ፈገግታውን አቁሞ ትኩር ብሎ ያየዋል።

ፀደንያ ፈራች። ብትናገር መሐላዋን ማፍረሷ ነው፤ የማለችው ደግሞ በአባቷ ሞት ነው። ዝም ብትልስ? ይህን አስባ ሳትጨርስ ወደ ጓሮ ሮጠች።

እናቷ የሻረግ ጓሮ ሆና ከካስተም ገበያ የመጣውን ሽንኩርት ትለቅማለች። የልጇን ፊት ስታይ እጇን ገታች።

«ምነው ፀዲ? ምን ሆንሽ?»

«እማዬ፣ ቶሎ ነይ። በአባዬ ምዬ ነበር፤ እንዳይሞትብን ላፈርሰው ነው።»