አሥራ ሁለት ከረጢት አፈር

ሳጅን አስናቀው በአሥራ አንድ ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ የበሬ ሌባ ይዟል። የቆርቆሮ ሌባ ይዟል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ነቅሎ የሸሸን ሰው ወረኢሉ ድረስ ተከትሎ ይዟል። አፈር ተሰረቀብኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ገባች። በዛች ትባላለች። የደሴ ልጅ ናት፤ በከተማው ዳር ባለው የደን ጥናት ፕሮጀክት ቢሮ ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው።

«አፈር ተሰርቆብኛል» አለች።

ተረኛው ፖሊስ ሳቀ። ሳጅኑም ሊስቅ ነበር፤ ዓይኗ ማልቀሷን ስለነገረው ተወው።

«ምን ያህል ነው?»

«አሥራ ሁለት ከረጢት። እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ።»

«ስድስት ኪሎ አፈር?»

«የሦስት ዓመት ሥራዬ ነው።»

ወንበር ሰጣት። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረች። ከከተማው በላይ ያለው የወይራ አምባ ጋራ ከብትና መጥረቢያ እንዳይገባበት ከተከለለ ሰባት ዓመቱ ነው። እሷ በየዓመቱ የጋራውን አፈር እየቆፈረች ውስጡ ያለውን ካርቦን ታስለካለች። ባለፈው ዓመትና ካቻምና ውጤቱ ጨምሮ ነበር። ዘንድሮ ላቦራቶሪው የላከው ቁጥር ግን የጋራው አፈር ከተራቆተው ሜዳ አፈር ያነሰ ነው ይላል።

«አለቆቼ የድሮውን ቁጥር ከራስሽ ፈጥረሽ ነው የጻፍሽው አሉኝ። እስከ መጪው ዓርብ ካላስረዳሁ እባረራለሁ። ቁጥር ፈጠረች የተባለችን ሴት ደግሞ ማንም አይቀጥርም።»

«ካርቦን የምትይው ከሰሉን ነው?»

«የከሰል ዘመድ ነው። ዛፍ ከአየር ላይ ይስበዋል። ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ሥሩ ሲበሰብስ አፈር ውስጥ ይቀራል። ስናቃጥል ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል። እዚያ ሲበዛ ምድሪቱ ትሞቃለች፤ ዝናቡም ጊዜውን ይስታል። ጋራው ይህን ነገር ከአየር ላይ እየለቀመ ይቀብርልናል። ስንት እንደቀበረ ነው የምለካው።»

ከቦርሳዋ ትንሽ ከረጢት አወጣች። ላቦራቶሪው የመለሰው ትራፊ ነው።

«መለያ ወረቀቱ የእኔ ነው። አፈሩ ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ጥቁር ነበር።»

ሳጅኑ መዳፉ ላይ አፈሰሰው። ቀላ ያለ ነው። ውስጡ እንደ ገል ስብርባሪ የጠነከሩ ፍርፋሪዎች አሉት። በጣቱ አሸው፤ አሸተተው። አባቱ ገበሬ ናቸው።

«ይህ እሳት ያየ አፈር ነው» አለ።

በዛች አልገባትም። የከተማ ልጅ ናት። እሱ አስረዳት። በዚህ ደጋ የገብስ መሬት ሲደክም ገበሬው ጓሉን ይከምራል፤ ከሥሩ ኩበት ከትቶ ቀናት ሙሉ ያቃጥለዋል፤ ቀዝቅዞ ሲከርም ማሳው ላይ ይበትነዋል። ለአንድ ሁለት ዓመት ገብሱ ያምርለታል።

የበዛች ፊት ተለወጠ።

«ከተቃጠለማ ካርቦኑ አየር ላይ ወጥቷል። ባዶ አፈር ነው!»

«እንግዲያው የሰረቀሽ ሰው ይህንን ያውቃል» አለ ሳጅኑ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ውስጥ የሳቀ የለም።

ወደ ቢሮው ሄዱ። ነገሩ አጭር ነበር። በዛች የካቲት 3፣ ሐሙስ ማታ፣ አሥራ ሁለቱን ከረጢት አስራ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ዓርብ ማለዳ ለሠርግ ኩታበር ሄደች፤ እሑድ ማታ ተመለሰች። ሰኞ ጠዋት ሳትከፍታቸው ወደ ላቦራቶሪው በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ጫነቻቸው። ቁልፉ አልተሰበረም። የቢሮው ቁልፍ ያለው ደግሞ ሦስት ሰው ዘንድ ነው። እሷ አለች። የሥራ ባልደረባዋ ንጉሡ አለ። ሦስተኛው መምህር ገበየሁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ በግቢው ውስጥ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ የሚያነቡ።

ከቢሮው ጀርባ የአሕመድኑር ማሳ አለ። ሠላሳ ያህል የተቃጠለ የአፈር ክምር በመስመር ተደርድሮበታል። ዝናብ መትቶት ላዩ እንደ ቂጣ ደርቋል። ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ እየዞረ አየ።

አንዱ ክምር ላይ ጡጫ የሚያህል ጉድጓድ ነበር። ቀጣዩ ላይ የለም። ከዚያ በሚቀጥለው አለ። እንዲህ አንድ እየዘለለ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆጠረ።

«ሌባ ቢሆን ከአንዱ ክምር ዘግኖ ይሄድ ነበር» አለ።

«እንዲህ የሚወስደው መለካት የተማረ ሰው ነው» አለች በዛች ቀስ ብላ። «እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። አንድ ቦታ ብቻ ቢወሰድ ውጤቱ ያሳስታል።»

አሕመድኑር በትራቸውን ይዘው መጡ።

«አያ አሕመድኑር፣ ጋራው ሲከለል አጥብቀው ተቃውመዋል አሉ።»

«ተቃውሜያለሁ! ከብቶቼ የት ይዋሉ ታዲያ?»

«ይቺን ልጅስ ይጠሏታል?»

«አዑዙ ቢላሂ! ጋራው ከተከለለ ወዲህ የደረቀው ምንጭ ፈለቀልኝ። ሣሩን አጭጄ እወስዳለሁ። እሷ ከሄደች ጋራውን ሊከፍቱት አይደል? ምንጬን በእጄ ልድፈነው?»

«ከማሳዎ አፈር የወሰደ ሰው አይተዋል?»

«ወላሂ አላየሁም። አፈር የሚሰርቅ ሰው አለ ብዬ መች ጠበቅሁ?»

«ይህ ዝናብ መቼ ነው የጣለው?»

አሕመድኑር አገጫቸውን አሹ።

«ያን ሰሞን አንድ ቀን ብቻ ነው የጣለው፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። ወይ ሐሙስ ነው ወይ ቅዳሜ። ቀኑን አልያዝኩትም፤ አልዋሽህም።»

ጉድጓዶቹ የደረቀውን ቅርፊት ሰብረው ነው የተቆፈሩት። ስለዚህ አፈሩ የተወሰደው ከዝናቡ በኋላ፣ ከሰኞ በፊት ነው። ሳጅኑ ይህን በማስታወሻው ጻፈና ንጉሡን አስጠራ።

ንጉሡ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ለውጭ አገር ትምህርት ተወዳድረህ ነበር?»

«ነበር።»

«ማን አለፈ?»

«በዛች።»

«ደስ አለህ?»

ንጉሡ ወለሉን አየ።

«አላለኝም። እንኳን ደስ ያለሽ ስላት ሳቄ የጥርስ ነበር። ቀንቼባታለሁ፤ እንቅልፍ እስካጣ ቀንቻለሁ። ግን አፈሯን አልነካሁም።»

«ያን ሰሞን የት ነበርክ?»

«ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለሥራ ከላላ ሄድኩ። ሰኞ ከሰዓት ተመለስኩ።»

«ዓርብ ጠዋትስ?»

«ቢሮ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን» አለና ላቡን ጠረገ።

ሳጅኑ ማስታወሻውን ዘጋ። ቅናትን ያውቃታል። እሱ ያሠለጠነው ልጅ አምና ኢንስፔክተር ሆኖ በላዩ ተሹሟል፤ ከሩቅ ሲያየው ሰላምታ ላለመስጠት መንገድ ይቀይራል። ለዚህም ነው ንጉሡን ያላመነው። እንዲህ የሚቀና ሰው ምን እንደሚያምረው ከራሱ ያውቃል።

አሁን የቀረችው አንዲት ነገር ናት። ዝናቡ ሐሙስ ከሆነ፣ ንጉሡ ዓርብ ጠዋት አድርጎታል፤ ወደ እስር ቤት ይሄዳል። ይህን የሚመልስ ሰው ደግሞ በመላው ወረዳ አንድ ነው።

መምህር ገበየሁ በግቢው ነጭ ሣጥን አጠገብ ቆመው ቴርሞሜትር ያነባሉ። ሳጅኑን ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውታል።

«መምህር፣ እንደምን አረፈዱ?»

«ይመስገነው። የአባይን ገባሮች አሁንም ትረሳለህ?»

«ሁለቱን አስታውሳለሁ» አለ ሳጅኑ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ። «የካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ነበር። ቀኑን ፈልጌ ነው። በአንድ ሰው ላይ የምወስነው በዚያ ነው።»

«በማን ላይ?»

«በንጉሡ ላይ። ሐሙስ ከሆነ አስረዋለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። መዝገባቸውን ከብብታቸው አውጥተው ገለጡ፤ አንድ ገጽ ላይ ቆዩ። ሳጅኑ ዓይናቸው ደክሞ መሰለው።

«ቅዳሜ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለካሁት። አሥራ አንድ ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ዜሮ።»

ሳጅኑ መጻፍ ጀመረ። እስክሪብቶው መሐል ላይ ቆመ። ቅዳሜ ከሆነ ንጉሡ ከላላ ነበር። በዛች ኩታበር ነበረች።

«መምህር፣ እሑድም ይመጣሉ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልቀረሁም። ገናም ፋሲካም።»

«እሑድ እዚህ ግቢ ሌላ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

ሳጅኑ ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም አዩት።

«ገባህ» አሉ። «ያኔም ቀስ ብሎ ነበር የሚገባህ።»

«ሐሙስ ቢሉኝ ኖሮ ንጉሡን ይዤ እሄድ ነበር!»

«አውቃለሁ። አስቤዋለሁም፤ አልዋሽህም። ግን ይህን መዝገብ አንድም ቀን አዛብቼ ጽፌበት አላውቅም። አቃተኝ።»

ቤታቸው ቅርብ ነው። ከአልጋው ሥር የእንጨት ሣጥን ወጣ። አሥራ ሁለት ከረጢት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል። በእያንዳንዱ ላይ የተቆፈረበት ቦታ፣ ጥልቀቱና ቀኑ በመምህሩ ሸጋ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። አፈሩ ጥቁር ነው።

«ይህን ወንዝ ውስጥ ቢደፉት ማን ያገኝዎት ነበር?»

«ተለክቶ የመጣ ነገር ይደፋል እንዴ?» አሉ፤ የእውነት ተቆጥተው።

ጣቢያው ውስጥ ቃላቸውን የሰጡት ሳይጨነቁ ነው።

«ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ለካሁ። የበልግ ዝናብ እየሸሸ ነው፣ ሙቀቱ እየጨመረ ነው ብዬ አራት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድም መልስ አልመጣም። ይቺ ልጅ መጣች። መዝገቤን ተዋሰችኝ፤ ሰጠኋት። ሥራ በጀመረች በሁለት ዓመቷ ያንኑ እኔ የምለውን ተናገረች። መኪና ተሰልፎ መጣ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበላት። እኔ በር አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ስሜን የጠራ የለም። ክፉ ልጅ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ደግ ናት፤ በየቀኑ ወንበር ታመጣልኛለች። በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ አንጀቴ አረረ። አንድ ጊዜ ተሳስታ ልያት አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ውሸታም ትባል፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ አልኩ። እንዴት እንደሚመለስ ግን አላውቅበትም ነበር።»

ረቡዕ ዕለት የጣቢያው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለበዛች አለቆች ተላከ። ሐሙስ የማባረሩ ነገር ተሰረዘ። እውነተኛው አፈር ለላቦራቶሪው ተጫነ፤ በዚህ ጊዜ ሳጅኑ ራሱ አውቶቡሱ ላይ ሲጫን ቆሞ አየ።

ዓርብ በዛች ወደ ጣቢያው መጣች። መምህር ገበየሁን ለማየት ጠየቀች። ሳጅኑ ትሰድባቸዋለች ብሎ አብሯት ገባ።

«ውሸታም አስባልከኝ» አለች። አንተ አለቻቸው፤ ከዚያ ግን ወደ አንቱታው ተመለሰች። «እናቴ ደሴ ሆና ሰማች። ከማንም ቢመጣ አይደንቀኝም ነበር። ከእርስዎ!»

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ።

በዛች ከቦርሳዋ የተጠረዘ ወረቀት አወጣች። ለውጭ መጽሔት የላከችው ጥናት ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ከራሷ ስም ቀጥሎ ሁለተኛ ስም ተጽፏል። ገበየሁ ይላል፤ ከነአባታቸው ስም።

«ጥናቱ የቆመው በሃያ ሁለት ዓመት ዝናብዎ ላይ ነው። ታትሞ ሲመጣ ላስደስትዎት ብዬ ደበቅሁዎት። ከአምስት ወር በፊት ነው የተላከው። ቁጥሬ ውሸት ነው ተብሎ ቢቀር ኖሮ የእርስዎም አብሮ ይጣል ነበር።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ስማቸው ላይ አሳረፉ።

«ትፍቂዋለሽ?» አሉ።

«አልፍቀውም» አለች። «ይቅር ብዬዎት እንዳይመስልዎት። አላልኩም፤ መቼ እንደምልም አላውቅም። የዝናቡ ቁጥር ትክክል ስለሆነ ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታላቸው ወጣች። መምህር ገበየሁ ከተያዙ ጀምሮ አላለቀሱም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሳጅኑ ፊት እንደ ልጅ አለቀሱ።