የቅዳሜው ቱታ

«ይኸው ነው? ይኼን ብቻ?» አለች አገርነሽ፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳትነቅል።

ሲስተር እጅጋየሁ ሕፃኑን አንሥታ በነጠላ ጠቀለለችው። ፊቱ የሽማግሌ ፊት፣ እግሩ ጣት የሚያህል። «ወሩን ጨርሶ ነው የተወለደው። ማኅፀን ውስጥ ነው እንደሚገባው ያላደገው» አለች። «ባልሽ ጥጥ እርሻው ላይ ነው አይደል የሚሠራው? ልብሱን የሚያጥበው ማነው?»

«መድኃኒት ይረጫል። ቱታውን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የማጥበው።»

«እንዴ! በሴቶች ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተናግሬ የለም? ነፍሰ ጡር የረጪ ልብስ እንዳትነካ፣ መርዙ በቆዳ ገብቶ ጽንሱን ይጎዳል ብዬ?»

«እግሬ አብጦብኝ አልመጣሁም። ልጄን ነው የላክሁት።» አገርነሽ ወደ ሻሺቱ ዞረች። «ስለ ንጽሕና ነው ያወሩት አለችኝ። ይኼንን ብትሰማ ኖሮ መች ትደብቀኝ ነበር!»

የአሥራ አራት ዓመቷ ሻሺቱ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። «ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት» አለች መሬት መሬት እያየች። «አልሰማሁም።»

ሲስተር እጅጋየሁ በረጅሙ ተነፈሰች። «ወባም አሞሽ ነበር፤ እሱም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። አሁን ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ ብርድ እንዳያገኘው» ብላ ሸኘቻቸው።

ወይ አለመስማት! ሻሺቱማ እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። የተቀመጠችው ከሲስተሯ አፍንጫ ሥር ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከቅጽል ስም ነው። ቱታውን ማጠብ ድሮ የእሷ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ሽታው ከእጇ ሳይለቅ ትምህርት ቤት ሄደች። ጓደኛዋ አስቴር አፍንጫዋን ይዛ «ትንኞች ሆይ ሽሹ፣ ዲዲቲ መጣች!» ስትል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ዲዲቲ ሆኖ ቀረ። ሻሺቱም «ለሚኒስትሪ ማጥናት አለብኝ» ብላ እናቷን ዋሸቻት። አገርነሽ ደግሞ ልጇ ተምራ እንዲያልፍላት የማትሆነው የለም፤ እርጉዝ ሆዷን ይዛ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች።

ስብሰባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያልተገኘ ቤት ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለማያገኝ እናቷ በራሷ ቦታ ላከቻት። ሲስተሯ «ረጪው ልብሱን ራሱ ይጠብ» ስትል የአዳራሹ ሴት ሁሉ ሳቀ። ወንድ ልጅ ሳፋ ሥር ቁጢጥ ብሎ! ሻሺቱ ግን አልሳቀችም። ይኼን ቤት ብትናገር ሥራው ወደ አባቷ ሳይሆን ወደ እሷ እንደሚመለስ ገብቷታል። እናቷ «ምን ተባለ?» ስትላት «ስለ ንጽሕና» አለች፤ በዚያው አለቀ።

አሁን ከክሊኒኩ ተመልሰው ሲቀላ ሰፈር ቤታቸው ሲደርሱ አክስቷ ልክነሽ ከዶርዜ ቅቤ ይዛ ወርዳ ጠበቀቻቸው። ሕፃኑን ገልጣ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጎሜ ነው» አለች። «እዚህ ቤት የተሠራ ጥፋት አለ። ያጠፋው ሰው ካልተናገረ ይኼ ልጅ አይጠናም።»

«እኛ ጌታን ተቀብለናል፤ ጎሜ ምናምን ትተናል» አለች አገርነሽ። ወዲያው ግን ድምፅዋ ተሰበረ። «ጥፋት ካልሽም የእኔ ነው። እግሬን እየጎተትኩም ቢሆን ስብሰባው መሄድ ነበረብኝ። ልጄን ለዚህ ያበቃው ስንፍናዬ ነው።»

ሻሺቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በእሷ ሐፍረት እናቷ ታለቅሳለች። ቆሞ ማየት ቢያቅታት ጀሪካኑን አንሥታ ወደ ቦኖው ወጣች።

ቦኖው ጋ የሰፈሩ ልጃገረዶች ተሰልፈው አፍንጫቸውን ይዘዋል፤ አስቴርም አለች። ከወረፋው ፈንጠር ብላ ጎረቤታቸው ጌጤ ሳፋ ፊት ተቀምጣለች። የእሷም ባል ረጪ ነው። ሆዷ ገፍቷል፤ ሳፋው ውስጥ ደግሞ ያ ቱታ።

«ዲዲቲ፣ ዘመድሽ እዚህ አለችልሽ!» አለች አስቴር።

ሻሺቱ ጀሪካኗን ወረፋው ላይ ትታ ወደ ጌጤ ሮጠች። «እትዬ ጌጤ፣ እጅሽን አውጪ! መርዙ በቆዳ ገብቶ ልጅሽን ይጎዳዋል። ተዪው፣ ባልሽ ሲመጣ ራሱ ይጠበው።»

ጌጤ ደንግጣ እጇን ከሳፋው መዘዘች። «ማነው እንዲህ ያለው?»

«ሲስተር እጅጋየሁ።»

«ዛሬ ስትሄዱ ነው የነገረቻችሁ?»

አዎን ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ውሸትም አይደለም፤ ዛሬም ነግራቸዋለች። ወረፋው ሁሉ ይሰማል፤ አስቴር እንኳ ሳቋን ትታ ጆሮዋን ጥላለች። ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

«አይ» አለች ሻሺቱ። «ከፋሲካ በፊት፣ ስብሰባው ላይ ነው የሰማሁት።»

ጌጤ ሆዷን በክንዷ አቅፋ ትክ ብላ አየቻት። «ታዲያ እናትሽ…» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

ሻሺቱ ንጹሕ ውሃ ቀድታ እጇን አስታጠበቻት። ከዚያ ጀሪካኗን ሞልታ አዘለች። ማንም ዲዲቲ አላላትም፤ ቢሏትም የሰማች አትመስልም ነበር።

ቤት ስትገባ አክስቷ እንዝርቷን ታሾራለች። እናቷ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ አሁንም «ምነው በሄድኩ ኖሮ» ትላለች። ሻሺቱ ጀሪካኑን አወረደችና ፊታቸው ቆመች።

«እማዬ» አለች። «ከፊት ነበር የተቀመጥኩት።»