የዳኛው ፊሽካ

የአቶ አርኒ ሃውግላንድ የቀኝ እግር አውራ ጣት ጥፍር ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ያለ መርፌና ያለ አንዳች ችግር ሙሉ በሙሉ መዳኑ ለሚመለከተው ሁሉ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል።

ይህ የምስራች በስልክ ሲደርሳት፣ ልጃቸው ብሪታ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍሏ ትራሷን ፊቷ ላይ ጭና አለቀሰች። የመጨረሻ ተስፋዋ ያ ጥፍር ነበር።

ብሪታ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ደጅ መጥናት የሚጀምረው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። ውጤት ይጠየቃል፤ ምርምር ይጠየቃል፤ በጎ ፈቃድ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ ግን «ለምን ሐኪም?» ለሚለው ጥያቄ ጠያቂውን የሚያስለቅስ መልስ ያስፈልጋል። የብሪታ መከራ እዚህ ላይ ነው። በሃውግላንድ ቤት ታሞ የሚያውቅ የለም። አያቷ ዛሬም በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፤ እናቷ ጉንፋን ሲመጣባት ጊዜ የለኝም ብላ የምትመልሰው ይመስላል። ከክፍል ጓደኞቿ አንዷ እህቷን በካንሰር አጥታለች፤ ሌላው በሰው ኩላሊት ነው የሚኖረው። ብሪታ በእነሱ ትቀናለች፤ በመቅናቷም ራሷን ትጠላለች፤ እየጠላችም ትቀናለች።

ከኤመት ኮዝላክ ጋር ያገናኛት አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። በሆስፒታሉ በዚያ ሰሞን ከበሽተኛው ይልቅ በጎ ፈቃደኛው በዝቶ፣ የሚገፋ ሰው ማግኘት ብርቅ ሆኖ ነበር። አንዲት አሮጊት ወንበሩ ላይ አረፍ ከማለታቸው የብሪታ እጅና የአንድ ረጅም ልጅ እጅ እጀታው ላይ ተጋጩ።

«ይቅርታ፣ እኚህ እናት የኔ ናቸው» አለችው።

«እኔ ከአሳንሰሩ ጀምሮ ስከተላቸው ነበር።»

አሮጊቷ ዞር ብለው ሁለቱንም ገረመሟቸውና ተነሥተው በእግራቸው ሄዱ።

ባዶውን ወንበር እንደያዙ ተያዩ። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። «በይ ተቀመጪ» አላት። «ዛሬ ሰው ሳልገፋ ወደ ቤቴ አልሄድም።»

ተቀመጠች። ኮሪደሩን ሙሉ ገፋት፤ አንድ ነርስ በር ከፈተችላቸው፤ አንድ ሽማግሌ ምሕረቱን ያውርድልሽ አሏት። ብሪታ ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ስትደፋ እውነተኛ በሽተኛ መሰለች።

ከዚያ በኋላ ፍቅራቸውን በትርፍ ጊዜ አደረጉት፤ ትርፍ ጊዜ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ደም ልገሳ ድንኳን ውስጥ ብስኩት እያደሉ ተፋቀሩ፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአይጥ ጎጆ እያጠቡ ተፋቀሩ። ኤመት በኬሚስትሪ ደካማ ነበር፤ እሷ ታስረዳዋለች፤ እሱ ወረቀቱን ትቶ አገጯን ያያል። «እዚህ ነው የተጻፈው» ስትለው፣ «አየሁት» ይላል፤ አሁንም አገጯን እያየ።

አንድ እሑድ በሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው መንደራቸው ሲደውል አብራው ነበረች። እናቱ አወራች፤ ቀጥሎ ከስልኩ ውስጥ ፊሽካ ተነፋ።

«ማነው የሚነፋው?»

«አባቴ ነው» አለ ኤመት።

ቀስ ብሎ ነገራት። አባቱ በሐይቁ በረዶ ላይ የልጆች የሆኪ ጨዋታ ዳኛ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ንግግሩን ሲወስድበት፣ የቀረችው የአንገቱ ፊሽካ ናት፤ በደህናው የከንፈሩ ጎን ይነፋታል። ረጅሙ እሺ፣ አጭሩ እምቢ ነው። የድሮ ፊሽካውን ደግሞ ለኤመት ሰጥቶታል፤ ከኪሱ አትለይም። ሐኪሞቹ ሁሉ በእሱ አናት ላይ ሆነው ከልጁ ጋር ሲያወሩ፣ አንዲት ሐኪም ግን በርጩማ ስባ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ጥያቄዋን ለእሱ አቀረበችና ፊሽካው እስኪነፋ ዝም ብላ ጠበቀች። ኤመት ሐኪም ልሁን ያለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

በዚህ መሀል ስልኩ ውስጥ ሌላ ፊሽካ ተሰማ፤ አጭር ጀምሮ እየተሳበ የሚረዝም። እናቱ እንደ ልጃገረድ ሳቀች።

«ይሄስ ምን ማለት ነው?»

ኤመት ፊቱ ቀላ። «እሱን እናቴን ጠይቂ።»

ብሪታ እንባዋን ጠረገች፤ ከዚያም ሳታስበው፣ «ኤመት፣ ይሄ እኮ ወርቅ ነው» አለች።

«ወርቅ አይደለም» አላት። «አባቴ ነው።»

ብዙ ቀን ኮረፋት። ነገር ግን ጊዜው ደረሰ፤ በሆስፒታሉ የዓመቱን የትምህርት ዕረፍት ሙሉ ሐኪሞችን እየተከተለ የሚማር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሊመረጥ ነው። አንድ ቦታ ብቻ። ያንን ያላገኘ ማመልከቻውን የሚያነብለት እንደማይኖር የተማሪዎች አማካሪዋ ዶክተር ፓጀት በለስላሳ ድምፅ ደጋግማ ተናግራለች። ኤመት በኬሚስትሪ ውጤቱ ማንንም እንደማያሸንፍ ያውቅ ነበር። ወደ ቤት ደወለና አባቱን ታሪክህን ልናገር ወይ ብሎ ጠየቀው። ፊሽካው ረዘመ።

በፈተናው ቀን አመልካቾቹ ሁሉ አንድ ክፍል ተቀምጠው እርስ በርስ ይደማመጣሉ። ዶክተር ፓጀት ከሁለት ሐኪሞች ጋር ከፊት ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ሣጥን አለ። ሣጥኑ በጎደለ ቁጥር ተማሪው ይጠቀማል። ተራው በአያት ስም ፊደል ነው፤ ሃውግላንድ ከኮዝላክ ይቀድማል።

ብሪታ ስለ ተሽከርካሪ ወንበሮች ተናገረች፤ ስለ ደም ልገሳ ተናገረች። ሶፍቱን የነካ የለም።

«ጥሩ» አለች ዶክተር ፓጀት። «ግን ልብሽን የነካው ምንድነው?»

ጭንቅላቷ ውስጥ ነጭ በረዶ ብቻ ሆነ። ሁለት ዓመት፣ እንቅልፍ ያጡ ዓይኖቿ፣ የአባቷ ጥፍር። አንዱ ሐኪም ሰዓቱን አየ።

«አባቴ የሆኪ ዳኛ ነበር» አለች።

የራሷን ድምፅ ከሩቅ ሰማችው። ማቆም አልቻለችም፤ ፊሽካውን፣ የከንፈሩን ጎን፣ በርጩማውን ሁሉ ተናገረች፤ ደግሞ አሳምራ። ሰዓቱን ያየው ሐኪም ሁለት ሶፍት መዘዘ። ኤመት መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያይ ነበር።

«ኮዝላክ» ተባለ።

ወደ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ለምን ሐኪም?»

«ታሪክ የለኝም» አለ ኤመት።

«ምንም?»

ኤመት የሱሪው ኪስ ውስጥ አንድ ነገር ጨብጧል፤ ምን እንደሆነ ብሪታ ብቻ አወቀች። አንድ ቃል ቢናገር እሷ ትጠፋለች፤ እሱ ይድናል። አልተናገረም። ዶክተር ፓጀት ወረቀቷ ላይ ስትሰርዝ የብዕሩ ድምፅ ተሰማ።

ብሪታ ወንበሯን አንኳኩታ ተነሣች።

«የሱ አባት ነው» አለች። «የኔ አባት ጤነኛ ነው። ሁላችንም ጤነኞች ነን። ሰረቅኩት።»

ዶክተር ፓጀት ለብሪታ በሩን በእጇ አሳየቻት፤ ኤመትን ግን ታሪኩን በራሱ አንደበት እንዲናገር ለመነችው፤ ቦታው አሁንም ሊሆንለት እንደሚችል ነገረችው።

«ተነግሯል» አለ ኤመት። ጃኬቱን አነሣ፤ ብሪታ ወንበሯ ላይ ትታው የወጣችውንም ካፖርት አነሣና ወጣ።

ውጭ በረዶው ይወርዳል። ብሪታ በሹራብ ብቻ የደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርድም ከኀፍረትም። ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣለላት፤ አላለበሳትም፤ ጣለላት።

«አሁን ሁለታችንም ሐኪም አንሆንም» አለች።

«እንጃ።»

«ለምን ዝም አልክ? ልትጥለኝ ትችል ነበር። እኔ ብሆን...» እጅጌውን ያዘችው። «አናግረኝ። ስደበኝ እንኳ።»

ወደ መኪና ማቆሚያው ዞረ።

«ተናድጃለሁ» አለ። «ገና ብዙ እናደዳለሁ።»

እጁን ከኪሱ አወጣ። የአባቱን አሮጌ ፊሽካ በከንፈሩ አንድ ጎን ያዘና ነፋ፤ ብሪታ ያን እሑድ በስልክ እንደሰማችው፣ አጭር ጀመረ፤ ከዚያ እየተሳበ፣ እየተሳበ ረዘመ። መኪናው ላይ በረዶ ይጠርግ የነበረ ሰው ቀና ብሎ አያቸው።

ብሪታ ወደ እሱ ዞረች። «ኤመት፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»

ፊሽካውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«አላስረዳም።»