ሃያ ሳንቲሜትር

ጣሪያው የተናደው በእኔ ስህተት ነው።

አስቀድሜ እሱን ልናገር። የቀረውን ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች።

የማዕድን ዋሻችን ጣሪያ ንብርብር አለት ነው፤ እንደ ደብተር ቅጠል የተደራረበ። ስሱን ንብርብር ከላዩ ካለው ጠንካራ አለት ጋር ሰፍቶ የሚይዘው ረጅም የብረት ብሎን ነው። የብሎኑን ርዝመት የወሰንኩት እኔ ነኝ። የስሱን ንብርብር ውፍረት አንድ ቦታ ብቻ አስቆፍሬ ለካሁና ለዋሻው ሁሉ ይበቃል አልኩ።

ቸኩዬ ነበር።

ጣሪያውን በብረት ዘንግ እያንኳኩ ድምፁን የሚያዳምጡ ሽማግሌ ነበሩን። ጋሽ ጆሮ እንላቸው ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ባዶ ባዶ ይላል» አሉኝ አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ ስሌቱ ብሎኑ ይይዘዋል ይላል።»

«ስሌትሽ ጆሮ የለውማ!»

ተሳሳቅን።

በማግስቱ ጣሪያው ከነብሎኖቹ እላያቸው ላይ ወረደ። አንድም ብሎን አልተበጠሰም... ብሎኖቹ ጠንካራው አለት ጋ ለመድረስ ሃያ ሳንቲሜትር ቀርቷቸው ነበር።

በአራተኛው ቀን «የሟች ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ፊርማዬን ይጠብቅ ነበር። ልጃቸው ጥቁር ለብሳ ገባች። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች።

«የአባቴ ጥፋት ነው አሉን። እውነት ነው?»

አፌን ስከፍት...

ኳ።

ከኮርኒሱ በላይ።

«አይጥ ነው» አልኩ።

ኳ... ኳ... ከበሩ በኩል ወደ እኔ። ትንሽ ይራመዳል፣ ይመታል። ትንሽ ይራመዳል...

«እሱ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ከቀበርነው ጀምሮ የቤታችንን ጣሪያ ሲመታ ነው የሚውለውና የሚያድረው። እናቴ እንቅልፍ የሚባል አላየችም። ዛሬ ደግሞ ተከትሎኝ መጣ።»

ምቱ ልክ አናቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንዴ መታ። ድምፁ ባዶ ነበር።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ብሎኑ አጭር ነበር። ነግረውኝ ነበር... አልሰማኋቸውም።»

ሪፖርቱ ላይ የእሳቸውን ስም ሰርዤ የራሴን ጻፍኩ። ወረቀቱንም ሰጠኋት።

ከኮርኒሱ በላይ ያለው ምት አልተደገመም።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አነበበችው፣ ዓይኗን ጠረገች።

«እናቴ ዛሬ ትተኛለች» አለች።

በሩን ከፈተችና ወደ ጎን ቆመች። አንገቷን አቀርቅራ፣ እግሩ የከበደው ሽማግሌ እስኪያልፍ እንደሚጠበቀው... ጠበቀች።

ከዚያ ተከትላ ወጣችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።